ሳልነሳ የተባልኩት «በእግዜር»

ዘንገና ሐይቅ አጠገብ የአክስቴ ልጅ ሰርግ ላይ ዳስ ውስጥ ቁጭ ብያለሁ። የአገሩ ሽማግሌ አያ ታከለ ከፈረሳቸው ወርደው ሲገቡ ሰዉ ሁሉ «ኖር!» እያለ ብድግ አለ። እኔ ግን አልተነሳሁም። «ምነው ልጄ፣ ቆሰበር ከተማ ከገባሽ ወዲህ ለሽማግሌ መነሳት ቀረ?» አሉኝ። አክስቴ በክርኗ ጎሰመችኝ። እኔ እንደሆነ በይሉኝታ ብድግ ማለቱን ትቻለሁ፤ ባለፈው ለቅሶ ቤት እንዲያ ብዬ ጋቢ የለበሱ ሰዎች ላይ ተዘርሬያለሁ።

«አያ፣ ንቄዎት አይደለም» አልኳቸው ቀና ብዬ። «አንጀቴ ለዓመታት እየቆሰለ ያመኛል። ሐኪሜ እንዳለኝ ሕመሙ፣ ሳናዝዘው በራሱ ልብንና የደም ግፊትን የሚቆጣጠረውን ነርቭም ያውካል። በድንገት ስነሳ ደሜ ወደ እግሬ ይወርዳል፣ ልቤ ይጋልባል፣ ዓይኔ ይጨልማል። ቀስ ብዬ ልነሳልዎት፣ ትንሽ ይታገሱኝ።»

እግሬን አንቀሳቅሼ፣ ወንበሩን ይዤ መነሳት ስጀምር ትከሻዬን ያዙና መልሰው አስቀመጡኝ። «የሚጋልብ ፈረስ ልጓሙ ከላላ በዝግታ ነው የሚያዝ» አሉ። ከዚያ ለተነሳ ሰው ብቻ የሚመለሰውን ቃል፣ ለእኔ ለተቀመጥኩት፣ ዳሱ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው መለሱልኝ፦ «በእግዜር!»