ከባዶ ካሴት የረከሰው አልበም

ፒያሳ፣ ከአንድ ካሴት ቤት ደጃፍ፤ «ሁለት ጉልቻ» የተባለውን የራፕ ቡድን የመሠረቱት አምሃና ልዑልሰገድ፣ ሁለተኛው አልበማቸው በወጣ በወሩ ቆመው ይከራከራሉ።

አምሃ፦ አልገባም አልኩህ! ነገ ከአጎቴ ጋራዥ ሥራ እጀምራለሁ።

ልዑልሰገድ፦ ካሴቱ ተሸጦ አልቆ? ባለሱቁ «ድጋሚ ይታተም» እያለ?

አምሃ፦ ለምን እንዳለቀ ጠይቀኸዋል?

ልዑልሰገድ፦ ሕዝብ ወደደዋ! የመጀመሪያው ጭፈራ ብቻ ነው ተብለን ስንወቀስ፣ ይህን ምክር በምክር አደረግነው።

አምሃ፦ ምክሩስ በዝቶ እኔን ራሴን ያስተኛኛል። ጎረቤቴ እማማ ስንዱ እንኳ ገዝተዋል፤ እሳቸው ራፕ ይሰማሉ?

ልዑልሰገድ፦ ማን ያውቃል?

አምሃ፦ እኔ አውቃለሁ። ቴፓቸውን ልጠግን ገብቼ አየሁ። ካሴታችን ከባዶ ካሴት ይረክሳል። ሽፋኑን ይጥሉና፣ እንዳይቀዳበት የሚከለክለውን ቀዳዳ በወረቀት ደፍነው የአባ ኅሩይን ስብከት ይቀዱበታል። ሰፈሩ በሙሉ!

ልዑልሰገድ፦ በእኛ ላይ?

አምሃ፦ በእኛ ላይ። ዓለምን ልንገሥጽ ተነሥተን ለገሣጩ ክር አቀባይ ሆንን።

ልዑልሰገድ፦ ድምፃችን ባይወደድ ክራችን ተወደደ በለኛ! ምናልባት ስማችን ይሆን? እንለውጠው?

አምሃ፦ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም። ደግሞስ በሁለት ጉልቻ ላይ የትኛው ድስት ቆሞ ያውቃል?

ልዑልሰገድ፦ ስሙን ያወጣኸው አንተ ነህ።

አምሃ፦ ለዚህም አይደል የምሄደው?

ልዑልሰገድ፦ ቆይ እስቲ። ስብከቱ የካሴቱን አንድ ገጽ ይሞላዋል?

አምሃ፦ አይሞላውም። አባ እንደ እኛ አያንዛዙም።

ልዑልሰገድ፦ ከስብከቱ በኋላስ ምን ይሰማል?

አምሃ፦ ምንም... የእኔ ግጥም።

ልዑልሰገድ፦ የትኛው?

አምሃ፦ «ለወዳጅህ ጋባዥ፣ ለእናትህ ነፋጊ፤
ደጅህ ድግስ አለ፣ ጓዳህ እህል ፈላጊ።»

ልዑልሰገድ፦ እማማ ስንዱ ሰሙት?

አምሃ፦ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ልጃቸው ከሄደ ወዲህ ደጃቸውን ረግጦ አያውቅም። «ከአባ ቀጥሎ የሚናገረው ችኩል ዲያቆን ማን ነው?» አሉኝ።

ልዑልሰገድ፦ አንተስ?

አምሃ፦ «አላውቀውም» አልኩ።

ልዑልሰገድ፦ ዶሮስ አልጮኸም?

አምሃ፦ አትሣቅ! «ብታገኘው ቀስ ብለህ ተናገር በለው፤ ደግሞም እንዳይተው» አሉኝ።

ልዑልሰገድ፦ ታዲያ ዲያቆኑ ጋራዥ ገባ ልትላቸው ነው?

አምሃ፦ ...ና፣ እንግባ። ድጋሚው ሲታተም ግን የገጹን መጀመሪያ ለአባ ባዶ እንተውላቸው።