የልብስ ሰፊው ልጅና የረዘመባት ብስክሌት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ ሁለት ነው፤ ብስክሌት መንዳትና ሰው መምከር። ሁለተኛውን ማንም ስላልጠየቀኝ ባለቤቴ «ትምህርት ቤቱ እኮ ተዘግቷል!» እያለች ትቀልድብኛለች። ትቀልድ እንጂ፣ ባለፈው ሐሙስ ያየሁትን ለሰው ሳላወራ ብቀር ያንቀኛል።

የኋላ ጎማዬ ተንፍሶብኝ ብስክሌቴን እየገፋሁ ወደ ጠጋኙ ስሄድ፣ መድኃኒት ቤቱ ማዕዘን ላይ ከልብስ ሰፊው ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። የሃያ ዓመት ወዳጄ ናቸው፤ ሱሪዎቼን ሁሉ የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸውም ብስክሌት ይገፋሉ። አዲስ ነው፣ ቀይ ነው፣ ጎማው የወፈረ የተራራ ብስክሌት ነው፤ አግዳሚው ብረት ወገባቸው ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረው። አሥር እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርታ ልጃቸው አንገቷን ደፍታ ትከተላለች፤ የቀኝ መዳፏ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል።

«እንደምን ዋሉ? ይህን የመሰለ ንብረት ይዘው ወዴት ነው?» አልኳቸው።

«ልሸጠው ነው መምህር። ልጄ አልቻለችም» አሉኝ።

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር፤ እሷ ግን ሰምታለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቱ ዘንድሮ በነርስነት ተመርቃ፣ ተራራው አናት ላይ ባለው ጤና ጣቢያ ተቀጥራለች። መንገዱ ድንጋያማ ነው፤ መኪና አይወጣበትም። በእግር ከሆነ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ከመንደር መንደር መዞር አለ። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ብስክሌት መንዳት የሚችል ሰው ነው የፈለገው። ሥራው ሰኞ ይጀመራል። አባት በደስታ ብዛት ብስክሌቱን ራሳቸው መርጠው ገዙላት፤ እሷም በአንድ ሳምንት አራት ጊዜ ወደቀች። አሁን ቆርጣለች፤ ነገ ቢሮ ሄዳ «ቦታውን ለሌላ ሰው ስጡልኝ» ልትል ነው።

«መርፌ ከሆነ የምትፈልገው እኔ ቤትም ሞልቷል» አሉ ልብስ ሰፊው፤ ሊያስቁኝ ፈልገው ነበር፣ እሳቸው ራሳቸው አልሳቁም።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» አልኳቸው። «እኔም ወደ ብሎኑ እየሄድኩ ነው። ከመሸጥዎ በፊት እሱ ይየው።»

ብሎኑ የምንለው ብስክሌት ጠጋኙን ነው። የቴክኒክ ትምህርት ቤት ምሩቅ ነው፤ የላላ ነገር አይወድምና ሰፈሩ በዚህ ስም ይጠራዋል። ሱቁ አንዲት ጠባብ ክፍል ነች፤ ከጣሪያው ላይ ጎማ ተንጠልጥሏል፣ ጥግ ላይ ቀዳዳ የሚፈለግበት ውኃ የሞላ ገንዳ ተቀምጧል። ብሎኑ ቀዩን ብስክሌት አየ፤ ቀጥሎ ልጅቱን ከእግር እስከ ራሷ አየ።

«ጋሼ፣ ይህን ለማን ነው የገዙት?»

«ለልጄ ነዋ!»

«እኔ ደግሞ ለመብራት ሠራተኛ መስሎኝ! መሰላል ያስቀርለት ነበር።»

ልብስ ሰፊው ፊታቸው ጠቆረ። «ስማ ልጄ! እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ልክ ስወስድ የኖርኩ ሰው ነኝ። የሷን የሱሪ ቁመት ከመዝገቤ አየሁ፤ አራት ጣት ጨመርኩበት፤ በዚያ ልክ የገዛሁበት ሱቅ ውስጥ የተገኘው ይህ ብቻ ነው።»

«አራት ጣቱ ለምን ተጨመረ?»

«ለትርፍ ነዋ! የሙያው ሕግ ነው። የሰፋ ይጠባል፤ የጠበበ ግን ጨርቁ ከየት ይመጣል? ትርፍ ሳይተው የሚቆርጥ ሰው እያለቀሰ ነው የሚሰፋው።»

እውነቱን ለመናገር እኔን አሳምነውኝ ነበር። ለልጆቼ ጫማ ስገዛ ሁልጊዜ አንድ ቁጥር አስበልጬ ነበር የምገዛው፤ ስንቴ እንዳደናቀፋቸው አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ብሎኑ ግን እጁን በጨርቅ ጠርጎ ለልብስ ሰፊው በርጩማ አቀረበላቸው።

«ሕግዎ ለጨርቅ እውነት ነው ጋሼ። ይህ ግን ብረት ነው። ኮርቻውን ከፍ ዝቅ ማድረግ እችላለሁ፤ መሪውንም ጥቂት። የፍሬሙን፣ የዋናውን የብረት አካል፣ ቁመትና ርዝመት ግን አንዴ ፋብሪካ ከበየደው በኋላ እኔም አላጠብበውም፣ እርስዎም በመቀስ አይቆርጡትም።»

«ኮርቻውን እኮ እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርገነዋል!»

«እህቴ፣ ስትቆሚ እግርሽ መሬት ይደርሳል?»

ልጅቱ ከመጣን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረችው ያኔ ነው። «በጣቶቼ ጫፍ። ቁልቁለት ላይ ድንጋይ ሲያጋጥመኝ እቆምና እግሬን ሳወርድ መሬቱን አጣዋለሁ። ከዚያ በኋላ መውደቅ ነው። መሪውም ይርቀኛል፤ ክንዴ ተወጥሮ ፍሬኑን በደንብ አልጨብጠውም።»

«ይለመዳል!» አሉ አባት። «ወንድሜ በአባቴ ትልቅ ብስክሌት ነው የተማረው፤ ማን ለካለት? ደግሞስ ነርስ የሚያህል ሰው በልጆች ብስክሌት ሲሄድ ሰው ምን ይላል?»

«ጋሼ፣ አንድ ሙሽራ ቤትዎ መጣ እንበል። የሰፉለት ኮት ጉልበቱ ድረስ ወርዷል፣ እጅጌው ጣቶቹን ውጧል። ‹ግድ የለም፣ እለምደዋለሁ› ቢልዎ ለብሶት እንዲወጣ ይተዉታል?»

«በኔ ስም? ከደጄ አላሳልፈውም!»

«ሙሽራው ቢበዛ ሰው ይስቅበታል። ይህቺ እህቴ ግን ገደል አፋፍ ላይ ነው የምትሄደው።»

ልብስ ሰፊው የልጃቸውን ፋሻ ቀና ብለው አዩት፤ ሳምንቱን ሙሉ አይተውት ነበር፣ ከብስክሌቱ ጋር አያይዘው ግን አላዩትም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚባለው ይህ ነው። ክርክር ሰውን ዝም ያሰኛል እንጂ ብቻውን አያሳምንም፤ ብሎኑ ይህን ያወቀ ይመስለኛል።

«ሜትርዎ አንገትዎ ላይ ነው። እርስዎ ይለኩ» አላቸው።

ልጅቱ ጫማዋን አውልቃ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስጠጋች። ብሎኑ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ሰጣትና በእግሮቿ መሃል ልክ እንደ ኮርቻ ወደ ላይ አጥብቃ እንድትይዘው ነገራት። አባት ተንበርክከው ከደብተሩ አናት እስከ መሬት ለኩ። ሜትሩን ሁለት ጊዜ አዩት።

«ሰባ አራት። መዝገቤ ላይ ግን ዘጠና ስምንት ነው!»

«የመዝገቡ ከቀበቶ እስከ ተረከዝ ነው ጋሼ። ለሱሪ ልክ ነዎት። ብስክሌት የሚፈልገው ግን የውስጥ እግርን ነው። ይህ ቀዩ ሃያ አንድ ቁጥር ነው፤ ለሷ አሥራ ስድስት ይበቃታል።»

ከጓዳ አንድ ግራጫ የተራራ ብስክሌት አወጣ፤ ቀለሙ እዚህም እዚያም ተፍቋል። የአንድ ረጅም የመሬት ቀያሽ ነው፤ ጉልበቱ ከመሪው ጋር እየተጋጨ አላስነዳው ብሎ ትልቅ እንዲፈለግለት ትቶት ሄዷል። ልጅቱ አግዳሚውን ብረት በሁለት እግሯ መሃል አድርጋ ቆመች። ሁለቱም ተረከዞቿ መሬት ነክተዋል።

«በብረቱና በአንቺ መካከል ስንት ጣት ይገባል?» አላት።

በእጇ ሞክራ «አራት» አለች።

«ይኸውልዎ ጋሼ፣ የእርስዎ ትርፍ! አራት ጣቱ አልተሳሳተም፤ ቦታው ነው የተሳሳተው። ብረቱ ላይ ሳይሆን ከብረቱ በላይ ነው የሚተወው።»

ልብስ ሰፊው ሳይወዱ በግድ ፈገግ አሉ። ልጅቱ ኮርቻው ላይ ወጣች፤ ፔዳሉ ታች ሲሆን ተረከዟ ላዩ ላይ ተቀምጦ እግሯ ቀጥ አለ፤ ክርኗ በመጠኑ ታጠፈ፤ ጣቶቿ ፍሬኑን ሳይንጠራሩ ያዙት። ከዚያ ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ድንጋያማ ዳገት ወጣች።

እኛ ከታች ቆመን ጠበቅን። አባት ሜትራቸውን ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ። ልጅቱ አናቱ ላይ ዞረችና መውረድ ጀመረች። መሃል ላይ አንድ ትልቅ ድንጋይ ገጠማት። ቆመች። እግሯን አወረደች፤ መሬቱ ነበረ። አባቷ «እሰይ!» አሉ። ድንጋዩን ዞራ ወርዳ አባቷ ፊት ቆመች፤ እንባና ሳቅ ተቀላቅሎባታል።

«አባዬ፣ ጥፋቱ የእኔ አልነበረም! ሳምንቱን ሙሉ ፈሪ ነኝ ብዬ...»

«እኔም ብዬሻለሁ» አሉ። «ለእንግዳ ሱሪ ሦስት ጊዜ የምለካ ሰውዬ፣ አንቺን ሳልጠራ ከመዝገብ ለካሁሽ። ይቅር በይኝ ልጄ።»

ቀያሹ በማግስቱ መጥቶ በግራጫው ለውጦ ቀዩን ወሰደ፤ እንደ ልቡ እግሩን ዘርግቶ ሄደ። እሷም በግራጫው ቀረች።

አንባቢ ሆይ፣ ጥቅሙን ልንገርህ። በልክህ የተመረጠ ፍሬም ጉልበትህን አያሳምምም፣ ወገብህን አያጎብጥም፣ መዳፍህን አያደነዝዝም፤ ፍሬኑ ከእጅህ፣ መሬቱ ከእግርህ አይርቅም። ዳገቱ ዳገት መሆኑ አይቀርም፤ ጉልበትህ ግን ሌላ ቦታ አይባክንም። ስለዚህ ስትገዛ የሚነዳውን ሰው ይዘህ ሂድ፤ ጫማውን አውልቆ ይለካ፣ ብረቱን በእግሩ መሃል አድርጎ ይቁም። ትልቅ ስለሆነ አትግዛ። ሰው ሲወድቅ ብታይ ደግሞ «አይችልም» ከማለትህ በፊት የሰጠኸውን ነገር መርምር።

ሰኞ አመሻሽ ላይ ልብስ ሰፊው ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳደረጉ እያለከለኩ ቤቴ መጡ። ደንግጬ ወንበር አቀረብኩላቸው፤ አልተቀመጡም።

«ላይኛው መንደር አንዲት ሴት ምጥ ጠንቶባት፣ በቃሬዛ ቁልቁል ሊያወርዷት ተሸክመዋት ነበር» አሉ። «የኔዋ በብስክሌቷ ደረሰችላቸው። ሁለቱም ደኅና ናቸው፣ እናቲቱም ሕፃኑም።»

ከዚያ ተቀመጡና ውኃ ለመኑኝ።