ለገና የተቀመጠው ክኒን

በኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ እንዲህ እንደናንተ ክብ ሠርቶ ተቀምጦ ስለዚህ ነገር መጠየቅ የለም። ምን መጠየቅ! ስሙን ማን ያነሳዋል? እኔ ራሴ፣ ጤና ረዳቷ፣ ነጭ ጋዋን ለብሼ እዚሁ ወልቂጤ ስንቷን ያዋለድኩት ሴትዮ፣ "የወሊድ መከላከያ" ስል ድምፄ ዝቅ ይል ነበር። ምን ትስቂያለሽ? እውነቴን እኮ ነው። የሰረቅኩትን ዕቃ የምሸጥ ነበር የምመስለው።

ታዲያ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፣ የእህቴ ልጅ ብርዛፍ አገባች። ሃያ ዓመቷ ነው፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች። ባሏ መርካቶ ጨርቅ ይሸጣል፣ እና እንደኛ አገር ወንድ ሁሉ ዓመቱን አዲስ አበባ ከርሞ ለመስቀልና ለገና ነው የሚመጣው። እኛ ጴንጤዎች ነን፣ ደመራው አይመለከተንም፤ ክትፎው ግን ይመለከተናል፣ ሃሃ! እና እሷ አማቷ ቤት ሆና ትማራለች። ባሏ በሽማግሌ ፊት "ማትሪክ እስክትፈተን ልጅ አንወልድም" ብሏል፣ ደግ ልጅ ነው። አማቷ እትዬ ወለላ ግን ምን አሉ? "እስኪ እናያለን። ሆዷ ከገፋ ግን ትምህርቱ በቃ፣ ቤቷን ትያዝ።" አሉ ነው የምላችሁ፣ እንዲህ ጣታቸውን ቀስረው።

ብርዛፍ ደግሞ ትምህርት ማለት ነፍሷ ነው። አስተማሪ መሆን ነው የምትፈልገው። ታዲያ መስቀል ሲቃረብ ክኒን ይዤላት ሄድኩ። ጓሮ፣ እንሰቱ መሀል ቆመን፣ በሹክሹክታ፣ "ይኸውልሽ፣ ባልሽ ሲመጣ ይሄ ያድንሻል፣ ከዚች ፍሬ ትጀምሪና..." ስል፣ እትዬ ወለላ ከጓዳ፣ "ማነው እዚያ? ምንድነው የምታንሾካሹኩት?" አሉ። እኔ ምን አልኩ? "ስለ ጎመን ነው፣ እትዬ!" ጎመን! እና ፓኬቱን ጉያዋ ውስጥ ወሸቅኩላትና ሄድኩ። ሄድኩ በቃ። ጨርሼ አልነገርኳት።

መስቀል አለፈ፣ ባልየው ሄደ። ጥቅምት ማለቂያ ላይ ብርዛፍ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ሥራ ቦታዬ መጣች። እየሳቀች ነው የገባችው።

"አክስቴ፣ ክኒኑ ጥሩ ነው፣ ሰሞኑን ያቅለሸልሸኛል እንጂ።"

"አንዳንዱን ሲጀምሩት ያቅለሸልሻል፣ አይዞሽ። ያ አልቋል አይደል? ሌላ ፓኬት ልስጥሽ።"

"ምን ያስጨርሰዋል? አሥር ፍሬ ብቻ ነው የዋጥኩት! አሥር ቀን አይደል የቆየው? የቀረውን ለገና ሲመጣ ብዬ አስቀምጬዋለሁ።"

"ለ... ለገና?"

"ታዲያ ባል በሌለበት ምን ልሁን ብዬ እውጣለሁ? ይባክናል እኮ!"

እናንተ፣ እኔ ልስቅ ነበር። አፌን ከፍቼ ልስቅ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ክኒኑን ካቆመች ወር አልፎታል። ወር ያለፈው ክኒን ያቅለሸልሻል ወይ? ሽንቷን መረመርን። አርግዛለች።

ታዲያ አላለቀሰችም። ጉልበቷ ላይ ያለውን ደብተር ይዛ፣ "ተሳስቼ ነው፣ አክስቴ?" አለችኝ። ልጆቼ፣ ይቺን ጥያቄ እስከዛሬ አልረሳኋትም። "አልተሳሳትሽም" አልኳት። "እኔ ነኝ። በየቀኑ ነው የሚዋጠው፣ ባል ሳይመጣ ቀድሞ ተጀምሮ፣ ባል ኖረም አልኖረም፣ በየቀኑ። ይሄን አልነገርኩሽም።" አፈርኩ። ከዚያ በፊት በስሙ ነበር የማፍረው፣ ያን ቀን ግን በራሴ አፈርኩ።

እና ተነሳሁ። እጇን ይዤ እትዬ ወለላ ዘንድ ሄድኩ። ቡላ እያጠለሉ ነበር። ቆምኩና በሙሉ ድምፄ፣ ጎረቤት በሚሰማው ድምፅ፣ "እትዬ፣ ያን ቀን ስለ ጎመን አልነበረም የምናወራው" አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። "ክኒኑን የሰጠኋት እኔ፣ ያላስረዳኋት እኔ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ልጅቷ ግን ከትምህርቷ አትቅር።"

እጃቸውን ሳይታጠቡ ቀና ብለው አዩኝ። ወይኔ፣ አሁን ሊሰድቡኝ ነው አልኩ። እሳቸው ግን ምን አሉ?

"በየቀኑ ነው እንዴ የሚዋጠው?"

"አዎ፣ በየቀኑ።"

"ባል አዲስ አበባ እያለም?"

"እያለም።"

"አይ! ያቺ ጎረቤቴ እኮ አንዱን ፓኬት ለሁለት መስቀል አብቃቅታው ሁለቱንም ወለደች! እኔ መድኃኒቱ ድሮም ውሸት ነው እል ነበር።"

እና ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ብርዛፍ ግን አልሳቀችም፣ እሳቸውን ብቻ ነበር የምታየው። ታዲያ እትዬ ወለላ ሆዷን አዩ፣ ደብተሩን አዩ፣ "እንግዲህ ሁለቱም ይማሩ" አሉ። እንዲሁ ነው ያሉት። ሰው መቼ ደግ እንደሚሆን አይታወቅም።

ማትሪኩን ስትፈተን ስምንት ወሯ ነበር። ዴስኩ አላስገባት ብሎ በጎን ተቀምጣ ነው የጻፈችው። ሰኔ ላይ ወለደች። ውጤቱ መጣ፣ አለፈች፤ ይኸው ቡታጅራ ታስተምራለች። ግን እድለኛ ስለሆነች ነው፣ ሌላዋ አማት እሺ ባትልስ? ስንቷ ቀርታለች።

ከዚያ ወዲህ እኔ አንሾካሽኬ አላውቅም። ፓኬቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ እያንዳንዷን ፍሬ በጣቴ እየነካሁ፣ "የዛሬ፣ የነገ፣ የከነገ ወዲያ" እላለሁ። ማህፀን ያደርቃል ለሚሉኝ፣ አያደርቅም። ከእህቴ ፓኬት አንድ ፍሬ ብውጥስ ለምትል፣ አንድ ፍሬ ምንም አያደርግልሽም። ከበሽታ ያድነኛል ለምትልም፣ ክኒን ከበሽታ አያድንም፣ እሱን የሚከላከለው ኮንዶም ነው። ጮክ ብዬ!

ምነው፣ አንቺ ደግሞ ወደ ጆሮዬ ትጠጊያለሽ? ጆሮዬ ደህና ነው፣ እዚያው ሆነሽ ተናገሪ።

— እማማ... ለጓደኛዬ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ አያስረግዝም ይላሉ፣ እውነት ነው?

ውሸት ነው። ያስረግዛል፣ ከመጀመሪያዋም ያስረግዛል። ጎበዝ፣ እንዲህ ነው የሚጠየቀው። ስሟን አልጠይቅሽም፣ ለጓደኛሽ ሄደሽ ንገሪያት። ሰው ድንገት ቢደርስባችሁ ግን፣ አደራ፣ ስለ ጎመን ነው እንዳትሉ!