ስለ ቦርሳው የደወልኩት ስልክ

የምስክርነት ቃል መቀበያ ቅጽ

የምስክሩ ስም፦ ለጥበቃ ሲባል በተለየ ወረቀት ታሽጎ የተያያዘ፤ በገበያው መጠሪያው «ጋሽ ዋስትና»
ዕድሜ፦ 58
ሥራ፦ ቦርሳና ሻንጣ ሻጭ፣ ጠጋኝ
አድራሻ፦ የገበያው ሕንፃ፣ ምድር ቤት፣ ሱቅ ቁጥር 14
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ፣ የወሩ 19ኛ ቀን፣ ከጠዋቱ 3፡20 ጀምሮ

ዛሬ ወደ ጣቢያው የመጣሁት ተጠርቼ ሳይሆን በራሴ ፈቃድ ነው። ትናንት ሰኞ ሁለት ፖሊሶች ሱቄ መጥተው የአንድ ግራጫ ቦርሳ ፎቶ አሳይተው የሸጥኩት እኔ መሆኔን ሲጠይቁኝ አዎ ብያለሁ። ሌላ የምታውቀው ነገር አለ ወይ ሲሉኝ የለም ብያለሁ። ነበር። እሱን ለማስመዝገብ ነው የመጣሁት።

ቦርሳ መሸጥ ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ጋሽ ዋስትና የሚሉኝ ለዚፕና ለማንጠልጠያ የአንድ ዓመት ዋስትና ስለምሰጥ ነው፤ በገበያው ውስጥ ይህን የሚያደርግ ሌላ ሰው የለም። መጀመሪያ ሊቀልዱብኝ ያወጡት ስም ነበር፣ እኔ ግን ወድጄው ሱቄ በር ላይ አጻፍኩት። ዋስትናውን የምሰጠው ስልኩን በደብተሬ ለሚያስመዘግብ ደንበኛ ብቻ ነው።

የግል ተበዳይን የማውቃት ከሱቄ ፊት ለፊት ባለው ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ የጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ሆና ስትሠራ ነው። መንጋጋዬን ያስነቀልኩ ጊዜ «ጋሼ፣ ለዚህኛው እንኳ ዋስትና የለንም» ብላኛለች። ከዚያ ወዲህ ስንተያይ ሰላም እንባባላለን። ባሏን በዓይን አይቼው አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ ከቀኑ 6፡30 ሲሆን ሱቄ ገብታ የጂም ቦርሳ እንደምትፈልግ፣ ግን ቅዳሜና እሁድ ከከተማ ለመውጣትም እንዲሆናት ነገረችኝ። እኔም ለሁሉም የምለውን አልኳት። ቦርሳ በቀለም አይመረጥም። ማንጠልጠያው ጠርዙ ላይ ብቻ የተሰፋ ከሆነ አይወሰድም፤ በሆዱ ሥር ዞሮ የወጣ መሆን አለበት። ዚፑን ማዕዘኑ ላይ ሦስት ጊዜ መሳብ ነው፤ የሚቀየም ዚፕ እዚያ ላይ ይቀየማል። መቀመጫው ድርብ ሸራ ይሁን፣ ጫማው የራሱ ኪስ ይኑረው። ትልቁን አውርጄ ሰጠኋት። ትከሻዋ ላይ አድርጋ በመስታወቱ አየችና መለሰችው። «ይኼንን ይዤ ጂም ሄድኩ ብል ማን ያምነኛል?» አለችኝ። መካከለኛውን ለካችና ሳትገዛ ሄደች።

ረቡዕ በዚያው ሰዓት በፌስታል ዕቃ ይዛ ተመለሰች። ይይዝ እንደሆነ ከትታ ልታየው ፈለገች። ልብስ መክተት የእኔ ሙያ ነው ብዬ ተቀበልኳት። ሁለት ቀሚስ፣ ሹራብ፣ የሴት ሕፃን ፒጃማ፣ መዳፍ የምታክል የሸራ ጫማና አንድ ቡናማ ፖስታ ነበር። ልብሱን ጠቅልዬ ጎን ለጎን ደረደርኩት፣ ፖስታውን ከሥር በገበሩ በኩል አስገባሁት። «ጂም ውስጥ ፖስታ ምን ይሠራል?» ስላት «ላብ ይጠርጉበታል» ብላ ትንሽ ሳቀች። የምትሄደው ለመዝናናት እንዳልሆነ ገባኝ። የሰው ገበና ነው ብዬ ግን አልጠየቅኩም። ዝም ማለት የምችል ሰው መሆኔን እዚህ ላይ ማስመዝገብ እፈልጋለሁ።

ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ መካከለኛውን ግራጫ ቦርሳ ገዛች። ስልኳን ስጠይቃት «ባልሰጥስ?» አለች። ያለ ስልክ ዋስትና የለም አልኳት። ቁጥሩን ካስመዘገበች በኋላ በሩ ላይ ቆም ብላ «ግን እንዳይደውሉልኝ፣ ጋሼ። የተበላሸ ነገር ካለ እኔው እመጣለሁ። ቅዳሜ እህቴ ጋ ነኝ» አለችኝ። እሺ ብያለሁ።

ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አንድ የስፖርት አስተማሪ ከእሷው ቦርሳ ጋር በአንድ ጭነት የመጣ፣ ከእኔ የገዛውን ቦርሳ ይዞ መጣ። የማንጠልጠያው መንጠቆ ለሁለት ተሰብሯል። ብረቱን ሳየው ውስጡ የአየር አረፋ የያዘ፣ ደካማ ነው። ሱቅ ውስጥ የቀሩትን ሁሉ በዚያው ቀን በሌላ መንጠቆ ቀየርኩ። ከእሱ ሌላ ከእጄ የወጣ አንድ ብቻ ነበር፣ የእሷ። በአንድ እጇ ሕፃን ይዛ መንገድ መሐል ሲበጠስባት ታየኝ። አትደውል ማለቷን አልረሳሁትም። ለእሷ ብዬ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 2፡41 ላይ ደወልኩ። ወንድ አነሣው። «ማን ልበል?» አለኝ። የቦርሳ ሱቅ ባለቤት መሆኔን ነገርኩት። «የምን ቦርሳ?» አለ። እዚህ ላይ ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ ብዬ መዝጋት እችል ነበር። ባለቤቷ ነዎት ወይ ብዬ ስጠይቀው «አዎ፣ ባሏ ነኝ፤ ይንገሩኝ፣ እነግርላታለሁ» አለ። ስለ መንጠቆው ነገርኩት። ድምፁ የተረጋጋ ነበር፣ ጋሼ ይለኝ ነበር። ቦርሳው ምን ያህል እንደሚይዝ ጠየቀኝ። ለእሷም ለልጅቷም የሦስት ቀን ልብስ እንደሚበቃው፣ ራሴ ከትቼ እንዳሳየኋት ነገርኩት። መቼ እንደወሰደችው ጠየቀኝ፤ ሐሙስ አልኩት። «ጎበዝ ነዎት፣ ጋሼ» አለኝ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ዝም ያለ ነጋዴ ግን ዕቃው ይነቅዝበታል፣ እኔም በዚህ ነው የኖርኩት። ለወንድ የሚሆን ጥቁር እንዳለኝ፣ ሁለተኛ ከወሰዱ እንደምቀንስላቸው ጨመርኩለት። «እመጣለሁ፣ ያስቀምጡልኝ» ብሎ ዘጋ።

በመርማሪው ጥያቄ ስልኬን አሳይቻለሁ። የንግግሩ ርዝመት አራት ደቂቃ ከአሥር ሴኮንድ መሆኑ ተመዝግቧል። የመንጠቆው ጉዳይ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። የቀረውን ስሸጥ ነበር። ከዘጋሁ በኋላ ጥቁሩን ቦርሳ ከመደርደሪያ አውርጄ፣ ወረቀት ላይ «የባል» ብዬ ጽፌ ለብቻው አስቀመጥኩት። ዛሬም እዚያው ነው፣ ወረቀቱን ለማስረጃ አምጥቻለሁ።

በዚያው ቅዳሜ ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ አሠሪዋ የጥርስ ሐኪም ወደ ሱቄ ወርዳ የግል ተበዳይ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ከመኖሪያ ፎቋ ደረጃ ላይ ከነቦርሳዋ ወድቃ ሆስፒታል መግባቷን፣ እንዳልነቃችም ነገረችኝ። ሰኞ ፖሊሶቹ ከሄዱ በኋላ ባልየው ስለ ቦርሳውም ስለ ጉዞውም የማውቀው ነገር የለም፣ ስትወድቅ ተኝቼ ነበር፣ የቀሰቀሰኝ የጎረቤት ጩኸት ነው ብሎ ቃል መስጠቱን ከሐኪሟው ሰማሁ። ከጠዋቱ 2፡41 ላይ ተኝቶ አልነበረም። ቦርሳውንም ከእኔ ሰምቷል።

ለምን ሰኞ አልተናገርክም ተብዬ ለተጠየቅኩት፦ ፈርቼ ነው። እሱን ሳይሆን ራሴን ነው የፈራሁት። ስሜት የሚባል ነገር ከቅዳሜ ወዲህ የለኝም። ሱቅ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ የሰጡኝን እበላለሁ። ሰኞ ፖሊሶቹ ከወጡ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁለት ቦርሳ ሸጫለሁ፤ ስለ ስፌትና ስለ ዚፕ የምለው ሁሉ አንድ ቃል ሳይጎድል ከአፌ ወጥቷል። ባለቤቴ ምን ሆነሃል ስትለኝ ጥርሴን ነው አልኳት። አላለቀስኩም። ማልቀስ ነበረብኝ።

ቃሌን ልሰጥ ስገባ ኮሪደሩ ላይ የግል ተበዳይ እህት ሕፃኗን ይዛ ተቀምጣ ነበር። ልመሰክር መምጣቴን ከጥበቃው ሰምታ ኖሮ ተነሥታ በሁለት እጇ ያዘችኝ። «እግዜር ይስጥልን፣ ጋሼ። ጎረቤት ሁሉ ነገር ውስጥ አልገባም ሲል እርስዎ በእግርዎ መጡልን» አለችኝ። እኔም ምንም አይደለም ብያት ገባሁ።

ቃሌ እስከዚህ ከተጻፈ በኋላ፣ ከመፈረሜ በፊት፣ መርማሪውን አስፈቅጄ ወጣሁ። ከዳኛ አፍ ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው። የደወልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ አትደውል እንዳለችኝም ነገርኳት። አልጮኸችም፣ አልሰደበችኝም። ስንት ሰዓት ላይ ነበር ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። 2፡41 አልኳት። «ሦስት ሰዓት ላይ ከታች በሩ ላይ ልቀበላት ተቀጣጥረን ነበር» አለች። «መንገድ ላይ ነበርኩ።» ከዚያ ተቀምጣ ሕፃኗ ያንጠባጠበችባትን የብስኩት ፍርፋሪ ከቀሚሷ ላይ ማራገፍ ጀመረች።

ይህም በቃሌ ላይ እንዲጨመር ጠይቄ ተጨምሯል። የተጻፈው ሁሉ ጮክ ተብሎ ተነብቦልኛል፤ የእኔ ቃል ነው፣ እውነት ነው፣ ማንም አላስገደደኝም። ሰኞ «የለም» ያልኩት በዚህኛው ይሻርልኝ። ፍርድ ቤት በተጠራሁ ጊዜ ባልየው ባለበት፣ እህቷም ባለችበት ይህንኑ እደግማለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
ቃሉ የተጠናቀቀበት ሰዓት፦ 5፡05