የአቶ አማን ጋቢ

ክቡር የወረዳችን ገዥ፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የክሊኒካችን ባልደረቦች፤

ድንኳን ጥላችሁ፣ በግ አርዳችሁ ስለምትሸኙኝ እግዜር ይስጥልኝ። ነጋዴው አቶ አማንም ሱቅዎን ዘግተው መጥተው ይህን ጋቢ ስላለበሱኝ አመሰግናለሁ። ጋቢውን ግን ገና አልተቀበልኩም፤ ምክንያቱን እደርስበታለሁ።

እውነቱን ልናገር፣ ድንኳኑን ሳይ «በመሄዴ ይህን ያህል ደስ ብሏቸዋል እንዴ?» ብዬ ጠረጠርኩ። አትሳቁ። ከኋላዬ «ጠርጣራው ተሻገር» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። በሃያ ሁለት ዓመት ድሬሰርነቴ፣ ቁስል ሳጥብ መርፌ ስወጋ፣ ረዳቴ ባዩ «መርፌው ፈልቷል» ሲለኝ ክዳኑን ከፍቼ ሳላይ አምኜው አላውቅም። ባዩ፣ ዛሬስ ቀቅለሃል?

ይህ ጠባይ አብሮኝ አልተወለደም። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት እመት ቦጋለች የሚባሉ የልብ ሕመምተኛ ከስማዳ በቃሬዛ መጡ። ጊዜው ሕማማት ነው። በቀን ሦስት ክኒን ታዘዘላቸው። እየሰጠሁ «ዋጡት?» እላቸዋለሁ። «አዎ ልጄ» ይሉኛል። እኔም ካርዱ ላይ «ወስደዋል» ብዬ እጽፋለሁ።

ለካ እሳቸው እስከ ፋሲካ ምንም ሳይቀምሱ አክፍሎት ይዘው ኖሯል። የዓርቡንም የቅዳሜውንም ክኒን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አቆይተው፣ ለፋሲካ ጾሙ ሲፈታ ስድስቱን ባንድ ጊዜ ዋጡት። ልባቸው ሊቆም ምንም አልቀረውም። ተረፉ፤ በእኔ ብልሃት ግን አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ውኃ አጠጥቼ፣ አፍ አስከፍቼ፣ ምላስ አስነሥቼ ነው የምጽፈው። ጾም ከሆነም አስቀድሜ የነፍስ አባታቸውን አስጠራለሁ። ቄሱ ካልፈቀዱ የእኔ ልመና ምን ይሠራል? ይህን ያዙልኝ።

እንዲህ እያልኩ ሁሉን ጠረጠርኩ፤ አንድ ሰው ብቻ ረሳሁ።

ባለፈው ኅዳር አቶ አማን ትኩሳት ይዟቸው ተኝተው ነበር። ከብልቃጥ መድኃኒት በመርፌ ልቀዳ ስል ወጣቷ ባልደረባችን ላቀች እጄን ያዘችኝ።

«አያ ተሻገር፣ ጽሑፉን ያንብቡልኝ።»

«እኔ ሰው ስወጋ አንቺ የት ነበርሽ?» አልኳት። ቀኝ አዝማች የተሰደበ ይመስል ተቆጣሁ።

«ይቆጡኝ፤ ብቻ ያንብቡልኝ።»

አቀረብኩት፣ አራቅሁት። ፊደሉ አልታይ አለኝ። እሷ ተቀብላ አነበበችው። የቁስል ማጠቢያ ነበር።

ባልደረቦቼ፣ ደክሞኝ ጡረታ ወጣሁ ብያችኋለሁ። ዋሽቻለሁ። ዓይኔ ከከዳኝ ዓመት አልፎኛል፤ ማንም እንዳያውቅብኝ ደበቅሁት። ላቀችንም ዝም በይልኝ ብዬ ለምኛታለሁ። በዚህ አፍራለሁ።

አቶ አማን፣ ያዳነኝ ተሻገር ነው ብለው ነው ይህን ያለበሱኝ። ሊገድልዎት የነበረው እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።

ላቀች፣ ነይ። ጋቢው የአንቺ ነው፤ ልበሽው። የመድኃኒት ሣጥኑ ቁልፍም ይኸው። ትክክለኛው መሆኑን ግን እኔን አትመኚ፤ ሄደሽ ሞክሪው።

በሉ እንግዲህ፣ እጃችሁን ይባርክላችሁ፤ ዓይናችሁን ይጠብቅላችሁ። እጃችሁን የሚይዝ ባልደረባ አያሳጣችሁ፤ ሲይዛችሁም ቁጣውን ያርቅላችሁ። ታምሜ እዚህ አልጋ ላይ የተኛሁ ቀን፣ ብልቃጡን ጮክ ብላችሁ አንብቡልኝ። ዓይኔ ባያይም ጆሮዬ ይሰማል።