ለሻምበል የተነፋ ጥሩምባ

(ማለዳ ነው፤ ከደብረ ታቦር ከተማ ጥግ፣ በአቶ ወንድይፍራው ግቢ ውስጥ፣ እሳቸውና የሟች ሚስታቸው ወንድም የሆኑት የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ጌጤነህ በጆንያ ከተሸፈነ የሞተ ውሻ ግራና ቀኝ ቆመዋል፤ ከአጥሩ ውጭ የእድሩ ሰዎች ድንኳንና አካፋ ይዘው ይጠብቃሉ።)

ጌጤነህ፦ እና አልሞትክም?

ወንድይፍራው፦ ይቅርታ፣ አስቸገርኳችሁ።

ጌጤነህ፦ አታሹፍ! ጥሩምባ ተነፍቶልሃል እኮ! ሰው ሥራውን ጥሎ፣ ጋቢውን አዘቅዝቆ ደጅህ ላይ ቆሟል።

ወንድይፍራው፦ ንፉልኝ ብዬ ላኩባችሁ?

ጌጤነህ፦ ንጋት ላይ ከግቢህ የወንድ ልቅሶ ተሰማ። ጎረቤትህ እትዬ ውባለም ሮጣ መጥታ በሩን ብታንኳኳ መልስ የለም። ከዚያ ወዲያ ለጥሩምባ ነፊው ነገረችው።

ወንድይፍራው፦ እዚህ ቤት ከእኔ በቀር ሰው የለም። ታዲያ ሬሳው ተነስቶ ለራሱ አለቀሰ?

ጌጤነህ፦ የጣር ድምፅ መስሏት ነዋ!

ወንድይፍራው፦ እሷ እንኳ መሰላት እንበል። አንተ ሰብሳቢው ሳታረጋግጥ ጥሩምባ ታስነፋለህ? ጎሽ! እድሩ በደህና ሰው እጅ ነው።

ጌጤነህ፦ ቄሱ ሳይቀሩ መጥተዋል።

ወንድይፍራው፦ ይመለሱ። ሻምበል ፍትሐት የሚያስፈልገው ኃጢአት የለበትም።

ጌጤነህ፦ ሴቶቹ ሙሾ ጀምረዋል። ደግ ነበር፣ ለሰው አዛኝ ነበር፣ አንደበቱ ማር ነበር እያሉ።

ወንድይፍራው፦ እንግዲያው የሞተው ሌላ ሰው ነው፤ ሄዳችሁ ፈልጉት።

ጌጤነህ፦ ኧረ ተወኝ ባክህ! አሁን ወጥቼ ምን እላለሁ? የሞተው ውሻው ነው ልበል?

ወንድይፍራው፦ ሻምበል ሞተ በላቸው። ስም አለው።

ጌጤነህ፦ ሻምበል! ስንቱ ጀግና ተራ ወታደር ሆኖ በተቀበረበት አገር፣ ለውሻ ማዕረግ!

ወንድይፍራው፦ አንተም ሰብሳቢ ትባል የለም እንዴ? ማን ምን አለህ?

ጌጤነህ፦ ስማ። ውሻ ሲሞት ወጉ ይታወቃል። እግሩን በገመድ አስሮ ጎትቶ ገደል መስደድ ነው። አለቀ።

ወንድይፍራው፦ አይጎተትም። እዚያ ከጌሾው ሥር ይቀበራል። ሁለት ጉልበታም ሰው ከነአካፋው ስጠኝና የቀረውን ይዘህልኝ ሂድ። ወገቤ እምቢ ባይለኝ ኖሮ አንተን አልለምንም ነበር። ከንጋት ጀምሬ የቆፈርኩት ያውልህ።

ጌጤነህ፦ ያ ጉድጓድ ነው? እኔ ደግሞ ዶሮ የጫረችው መስሎኝ ነበር።

ወንድይፍራው፦ ሳቅ፣ ሳቅ።

ጌጤነህ፦ ምን ያስቀኛል፤ አፈርኩልህ እንጂ። የእድር አካፋ ለውሻ! የታች ሰፈር እድር ቢሰማ እስከ ፋሲካ መሳቂያ ነው የሚያደርገን።

ወንድይፍራው፦ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ተራዬ በደረሰ ቁጥር ቆፍሬያለሁ። የአባትህን ጉድጓድ ማን ቆፈረው? መሬቱ ድንጋይ ነው ብለው ሁሉም ሲሸሹ?

ጌጤነህ፦ አባቴ ሰው ነበር!

ወንድይፍራው፦ እሱን እንኳ ተወው።

ጌጤነህ፦ ምን አልክ?

ወንድይፍራው፦ ድንጋዩ ከባድ ነበር ነው ያልኩት።

ጌጤነህ፦ ያ ምላስህ እንደሆነ ከአንተ በኋላም ሳምንት ይኖራል።

ወንድይፍራው፦ በል እንዋዋል። ስሜን ከመዝገቡ ሰርዘው። እኔ ስሞት ማንም እንዳይመጣብኝ። ለእኔ የምትቆፍሩትን ዛሬ ለእሱ ቆፍሩለት።

ጌጤነህ፦ አብደሃል እንዴ? አንተንስ ማን ይቅበርህ?

ወንድይፍራው፦ እናንተው። ስሸት መምጣታችሁ አይቀርም፤ ለእኔ ባትሉ ለአፍንጫችሁ።

ጌጤነህ፦ እግዚኦ! ሰው እንዲህ ይናገራል?

ወንድይፍራው፦ ይህን በር በአራት ዓመት ውስጥ ማን ገፋው? ዛሬ ሞተ ሲባል ግን አጥሬ እስኪፈርስ መጣችሁ። የምትወዱት የሞተ ከሆነ፣ እሱም ሞቷል፤ ውደዱት።

ጌጤነህ፦ ማን ይምጣልህ? ልጠይቅህ ያለውን ሰው ይሄ ውሻህ ባቱን ሊዘነጥለው! እኔንስ ነክሶኝ የለም?

ወንድይፍራው፦ አንተን አንድ ጊዜ ብቻ። ሌላ ሰው ነክሶ አያውቅም፤ መምረጥ ይችልበት ነበር።

ጌጤነህ፦ እንግዲያው እውነቱን እንነጋገር። እህቴን አሰገደችን የቀበርን ዕለት ዓይንህ እርጥብ አልነበረም። አገር ደረቱን ሲመታ አንተ ድንኳኑ ውስጥ ግንድ ሆነህ ተቀመጥክ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብራህ ለኖረች ሴት አንዲት ጠብታ እንባ! አንዲት! ዛሬ ለውሻ ሰፈር እስኪሰማ ትጮኻለህ? ከዚያን ቀን ወዲህ ደጅህን ያልረገጥኩት በዚህ ነው። ዛሬም የመጣሁት ልቀብርህ እንጂ ላይህ አይደለም።

ወንድይፍራው፦ አለመሞቴ ቅር አሰኝቶሃል ማለት ነው።

ጌጤነህ፦ መልስልኝ! እህቴ እኮ ናት! እንዴት እንደሞተች፣ እንዴት እንዳለቀስንላት ልንገርህ?

ወንድይፍራው፦ ለእኔ? ለቀባሪው አረዱት አሉ።

ጌጤነህ፦ ተረት አትተርትብኝ። ለምን አላለቀስክም?

ወንድይፍራው፦ አስከሬኗ ሲወጣ ሻምበል በሩ ላይ ነበር። ገበያ ስትሄድ ቁጭ ብሎ የሚጠብቃት ቦታ አለችው፤ እዚያች ላይ ተቀመጠ። ከቀብር ስንመለስም እዚያው ነው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር፣ ገበያው ሊበተን ሲል፣ ተነስቶ ይሄድና ይቀመጣል። ጅራቱን እየቆላ።

ጌጤነህ፦ ውሻ ነዋ። ምን ያውቃል?

ወንድይፍራው፦ ምንም አያውቅም። እኔም አለማወቁን ወደድኩለት። ቅዳሜ ቅዳሜ ዱካ ወንበሬን ይዤ እየሄድኩ አብሬው በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ጅል በለኝ፣ አላፍርም። እሱ ሲጠብቃት፣ እኔም ገበያ የቆየች ነበር የሚመስለኝ።

ጌጤነህ፦ አራት ዓመት?

ወንድይፍራው፦ አራት ዓመት። መጨረሻ ላይ መሄድ ሲያቅተው ተሸክሜ አደርሰው ነበር። ዛሬ ንጋት ላይ ጭኔ ላይ እንዳለ ሞተ። ለካ አሰገደች አትመጣም። ያኔ ነው የጮኽኩት።

ጌጤነህ፦ አንተ... አንተ ደረቅ! ይህን ለእኔ መንገር አቅቶህ ነው? እኔ እኮ ያን ሁሉ ጊዜ እህቴን አልወደዳትም ብዬ ስረግምህ ነው የኖርኩት!

ወንድይፍራው፦ መቼ ጠየቅከኝ? ፈርደህ ሄድክ። አሁንም አካፋ የማትሰጠኝ ከሆነ ውጣልኝ። በጥፍሬም ቢሆን እጨርሰዋለሁ።

ጌጤነህ፦ ዝም በል አንተ! ጋቢህን አዘቅዝቅ። እናንተ ሰዎች! ሁለታችሁ አካፋ ይዛችሁ ወደ ጌሾው እለፉ! የቀረው ድንኳኑን ይትከል! ይሄ ሰውዬ የእህቴን ልቅሶ በአራት ዓመቱ ገና ዛሬ ጀመረ!