እርጥቡ ምንጣፍ

ቡልቻና ሚስቱ ወይንሸት፣ እሷ ለሃያ ዓመት ተማሪ ያመላለሰችበትን አሮጌ ቅጥቅጥ አውቶቡስ፣ አልጋና ምድጃ አስገብተው የጡረታ ቤት አድርገውት፣ እሷ ካደገችበትና ዛሬ ሰው ጥሎት ከሄደው የወርቅ ከተማ በላይ ዋንዛ ስር ካቆሙት ሦስተኛ ቀናቸው ነው፤ ረፋድ ላይ ቡልቻ ጫማው ጭቃ ለብሶ ከጫካ ሲመለስ ወይንሸት የመኪናው በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

ወይንሸት፦ የመኪናውን ቁልፍ ስጠኝ።

ቡልቻ፦ ደህና አደርክ አይባልም?

ወይንሸት፦ አድረናል። ቁልፉን።

ቡልቻ፦ ወዴት ልትሄጂ ነው? ገና ሦስተኛ ቀናችን እኮ ነው። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ጎረቤት የለም። እንዲህ ያለ እረፍት አይደል ስትመኚ የኖርሽው?

ወይንሸት፦ እኔ የተመኘሁት ሐይቅ ዳር ነበር። እዚህ ያመጣኸኝ አንተ ነህ። ፍየል የሚተኛበት ሆቴልና በሩ የተቸነከረ ሱቅ ምኑ ይታያል?

ቡልቻ፦ ያደግሽበት አገር ነው፣ ደስ ይላታል ብዬ ነዋ።

ወይንሸት፦ ወንድሜ የተቀበረበት አገርም ነው። ለመሆኑ ከየት ነው የመጣኸው?

ቡልቻ፦ ወፍ ሳይ ቆይቼ።

ወይንሸት፦ ወፍ።

ቡልቻ፦ ፈረንጆቹስ መኪናቸውን ቤት አድርገው ሲዞሩ ወፍ አይደል የሚያዩት?

ወይንሸት፦ እስቲ ካየሃቸው ውስጥ የአንዷን ስም ጥራልኝ።

ቡልቻ፦ ቁራ።

ወይንሸት፦ ቁራ ለማየት ነው ሦስት ቀን ሙሉ ጎህ ሳይቀድ የምትነሳው? ጫማህስ? ዝናብ ከጣለ ሁለት ወር ሆኖታል፣ ወንዙ ደርቋል። ጭቃውን ከየት አገኘኸው?

ቡልቻ፦ ፖሊስ ሆንሽብኝ እኮ።

ወይንሸት፦ የውሃ ሮቶውን ለሁለት ሰው አሥር ቀን ይበቃል ብለህ ነው የሞላኸው። ዛሬ ስቀዳ ሊያልቅ ምንም አልቀረው።

ቡልቻ፦ ገላዬን ታጠብኩበት።

ወይንሸት፦ አንተ? ከመጣን ፊትህን እንኳ ውሃ አላስነካህም። አጠገብህ የምተኛው እኔ ነኝ።

ቡልቻ፦ እሺ፣ ምንጣፉን አጠብኩበት። ዘይት ደፍቼበት ነበር። እንዳትቆጪ ብዬ ዝም አልኩ።

ወይንሸት፦ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዲት ብርጭቆ አጥቦ የማያውቅ ሰው ምንጣፍ አጠበ።

ቡልቻ፦ ጡረታ ወጥቼ የለ፣ ልልመድ ብዬ።

ወይንሸት፦ ያለ ሳሙና? ጠቅልለህ አልጋው ስር የወሸቅከውን አይቼዋለሁ። እርጥብ ነው፣ ቀይ አፈር ጠጥቷል። ከአልጋው ሳንቃም አንዱ የለም። ቡልቻ፣ እኔ እኮ የወርቅ ሰፈር ልጅ ነኝ። ሳንቃው ዘመም ተደርጎ ምንጣፍ እንደሚነጠፍበት፣ አፈሩ በላዩ በውሃ ሲታጠብ ወርቁ ምንጣፉ ውስጥ እንደሚቀር ሀ ሁ ሳልቆጥር ነው ያወቅኩት።

ቡልቻ፦ ቀይ አፈር የነካው ሁሉ ወርቅ ቆፋሪ ሆነ ማለት ነው?

ወይንሸት፦ ወንድሜ ይልማ ላይ የወርቁ ጉድጓድ ሲደረመስ አብረኸው ነበርክ። አንተ ብቻ ወጣህ። የእናቴ ጉልበት ላይ ወድቀህ፣ ዳግመኛ የዚህ አገር አፈር ውስጥ እጄን አልሰድም ብለህ ማልክ። በዚያ መሐላ ነው እኔንም የሰጠችህ።

ቡልቻ፦ አልረሳሁትም።

ወይንሸት፦ እንግዲያው በይልማ አጽም፣ አልቆፈርኩም በለኝ።

ቡልቻ፦ ሙት ምን አደረገ? ተይው ይረፍ።

ወይንሸት፦ ማል።

ቡልቻ፦ አልቆፈርኩም እያልኩሽ እኮ ነው። ባልሽን ካላመንሽ መሐላውን ታምኚዋለሽ?

ወይንሸት፦ እፈራለሁ፣ ቡልቻ። ትናንት ስትዘገይብኝ እዚህ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። አንድ ሰው ለዚያ ጉድጓድ ሰጥቻለሁ። ሁለተኛ የለኝም።

ቡልቻ፦ ምንም አልሆንም። ወፍ ነው አልኩሽ፣ ወፍ ነው።

ወይንሸት፦ እሺ። አመንኩህ።

ቡልቻ፦ ተመስገን። አሁን ቁርስ እንብላ።

ወይንሸት፦ በከንቱ ነው የጠረጠርኩህ። ምንጣፉንም አንተ ከሄድክ በኋላ በሳሙና ለቅለቅ አድርጌ፣ ገደሉ አፋፍ ወስጄ ቁልቁል አራገፍኩልህ። አሁን አዲስ መስሏል።

ቡልቻ፦ ምን አደረግሽ? የቱ ጋ? ወይኒ፣ የቱ ጋ ነው ያራገፍሽው? የሦስት ቀን ልፋቴን ገደል ከተትሽው?

ወይንሸት፦ ምንጣፉ አልጋው ስር እንዳለ ነው፣ ጫፉንም አልነካሁት። ቁልፉን አምጣ። እኔ እነዳለሁ፣ አንተ ምንጣፍህን ታቅፈህ ኋላ ትቀመጣለህ። እናቴ ቤት ስንደርስ ጉልበቷ ስር አንተው ራስህ ታነጥፍላታለህ።